ሰርቨርን ከስቶሬጅ ጋር በሁለት መንገድ ማገናኘት፦ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ውስጥ ሰርቨር ከሚያስተዳድሩ ልጆች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ከሰርቨሩ ወደ ስቶሬጁ ሁለት ኬብል ዘርግቻለሁ። ታዲያ አንዱ ስዊች ሲጠፋ ሁሉም ነገር ለምን ቆመ?» ጠያቂው ፒያሳ ያለ ሆቴል ይሁን፣ አዘዞ ያለ ክሊኒክ ወይም ማራኪ አካባቢ ያለ ኮሌጅ፣ መልሴ አንድ ነው። ኬብል ሁለት ስለሆነ መንገዱ ሁለት ሆነ ማለት አይቻልም። ሁለት መንገድ የሚሆነው ከሰርቨሩ ካርድ እስከ ስቶሬጁ ፖርት ድረስ፣ መብራቱን ጨምሮ፣ ሁለቱ ምንም ሳይጋሩ ሲሄዱ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሁለቱም ወደ አንድ ዲስክ እንደሚያደርሱ ማወቅ አለበት። ካልነገራችሁት በራሱ አያውቅም።

ይህ መመሪያ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ወይም 2022ን በአይስካዚ ከስቶሬጅ ጋር ለሚያገናኝ ሰው ነው። ስቶሬጅ ብዙ ዲስክ ይዞ ለሰርቨር የሚያካፍል ዕቃ ነው፤ አይስካዚ ደግሞ ያን ዲስክ በኔትወርክ ኬብል ወደ ሰርቨሩ የሚያደርስ ዘዴ ነው። ምሳሌው አንድ ሰርቨርና ሁለት ኮንትሮለር (ስቶሬጁን የሚያስኬደው ክፍል) ያለው ስቶሬጅ ነው። የእናንተ ስቶሬጅ አንድ ኮንትሮለር ብቻ ካለው ደረጃዎቹ አይለወጡም፤ አራት የምለው መንገድ ሁለት ይሆናል። ያ ኮንትሮለር ራሱ ሲሞት ግን ሁለቱም መንገዶች አብረውት እንደሚሞቱ ከወዲሁ እወቁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሙሉ ባክአፕ ያዙ። ባክአፑ እዚያው ስቶሬጅ ላይ መሆን የለበትም። ከባክአፑ አንድ ሁለት ፋይል መልሳችሁ አውጡና በትክክል መከፈታቸውን እዩ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሰርቨሩ ሥራ የማይበዛበትን ቀን ምረጡ። ለብዙ መሥሪያ ቤት እሑድ ጥሩ ነው። ሆቴል ከሆናችሁ በጥምቀት ሰሞን ፈጽሞ አትንኩት፤ ከተማው በእንግዳ ሞልቶ የቦታ ማስያዣው ሲስተም መቆም የለበትም። ኮሌጅ ከሆናችሁ የምዝገባ ሳምንትን አሳልፉ። ለሙከራው በቂ ሰዓት ተዉ። ብዙ ሰው ግንኙነቱን ይሠራና ሙከራውን «ሌላ ቀን» ይለዋል። ያ ሌላ ቀን የሚመጣው ዕቃው በራሱ ጊዜ ሲበላሽ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሰርቨር፦ ሁለት ፓወር ሰፕላይና ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የኔትወርክ ካርዶች ያሉት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው አንድ ካርድ ነው፤ ሁለተኛው ተጨማሪ የሚሰካ ይሁን።
- አይስካዚ የሚያውቅ ስቶሬጅ፦ ሁለት ኮንትሮለር፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ፖርት።
- ሁለት ስዊች፦ ለስቶሬጅ ብቻ የሚውሉ፣ ሴቲንጋቸው የሚከፈት። ለአንድ ሰርቨር በእያንዳንዱ ስዊች ላይ 3 ፖርት ይበቃል።
- ካት 6 ኬብል፦ 6 ለሥራው፣ 2 ለመጠባበቂያ። በሁለት ቀለም ይሁኑ፤ ሦስት ሰማያዊ፣ ሦስት ቢጫ።
- ሁለት ዩፒኤስ።
- የኬብል መለያ ወረቀትና ማርከር።
- ላፕቶፕ፣ የስቶሬጁ ማንዋል፣ የአስተዳዳሪ ፓስዎርዶች።

ኬብል ፒያሳ አይጠፋም። የሰርቨር ካርድና የስዊች መለዋወጫ ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚታዘዘው፣ መንገዱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሥራውን ሳትጀምሩ ዝርዝሩን አሟሉ። ኬብሉን ፋብሪካ የሠራው ቢሆን ይመረጣል። በእጅ የተገጠመ ጫፍ ለቢሮ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ቀን ከሌት ዳታ ለሚመላለስበት መስመር ግን አላምነውም።

አሠራሩ

1. መስመሩን ወረቀት ላይ ሣሉ

ሰርቨሩን፣ ሁለቱን ስዊችና ሁለቱን ኮንትሮለር ሣሉ። መስመሮቹን አገናኙ። ከዚያ አንድ ዕቃ በጣታችሁ ሸፍኑና ጠይቁ፦ ይኼ ቢሞት ሌላ መንገድ ይተርፋል? ሁሉንም አንድ በአንድ ሸፍኑ። ኤክስቴንሽን ገመዱንም ጭምር። የማይተርፍበት ቦታ ካገኛችሁ ገንዘብ የሚወጣው መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ አድራሻ መድቡ። ሁለቱ መንገዶች በተለያየ ሳብኔት (የአድራሻ ክልል) ይሁኑ።

- መንገድ አንድ (ሰማያዊ፣ ስዊች 1)፦ ሰርቨር 10.10.10.11፣ ኮንትሮለር ሀ 10.10.10.101፣ ኮንትሮለር ለ 10.10.10.102
- መንገድ ሁለት (ቢጫ፣ ስዊች 2)፦ ሰርቨር 10.10.20.11፣ ኮንትሮለር ሀ 10.10.20.101፣ ኮንትሮለር ለ 10.10.20.102

የሁሉም ሳብኔት ማስክ 255.255.255.0 ነው። ሳብኔቱን መለየት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ሁለቱም ካርዶች አንድ ሳብኔት ላይ ከሆኑ ዊንዶውስ ትራፊኩን በየትኛው እንደሚልክ በራሱ ይወስናል። በሁለቱ የሚሄድ የመሰላችሁ ዳታ በሙሉ በአንዱ ሊያልፍ ይችላል። አንዳንድ ስቶሬጆች ግን አንድ ሳብኔት ብቻ ይጠይቃሉ። የማንዋሉ ቃል ከእኔ ምክር ይቀድማል።

2. መብራቱን ለዩ

የሰርቨሩን አንድ ፓወር ሰፕላይ ዩፒኤስ 1 ላይ፣ ሌላውን ዩፒኤስ 2 ላይ ሰኩ። ስቶሬጁም እንዲሁ። ስዊች 1 ከዩፒኤስ 1፣ ስዊች 2 ከዩፒኤስ 2 ይሁን። ሁለቱ ዩፒኤሶች በአንድ ብሬከር ሥር እንዳይሆኑ ኤሌክትሪሺያኑን ጠይቁት። ብሬከሩ ከወደቀ ሁለቱም ባትሪ ላይ ይወድቃሉ፤ ጀነሬተር ቢነሣም አይደርሳቸውም።

ሰርቨሩ፣ ስዊቾቹና ስቶሬጁ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ። ይህን ግንኙነት ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በመዳብ ኬብል አትዘርጉት። ክረምት ላይ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በኬብሉ የሚገባው ኃይል ሁለቱንም ጫፍ ያቃጥላል። ኧርዙንም በዚሁ አጋጣሚ አስፈትሹ።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብዙ ሰርቨር «እስከ 35 ዲግሪ» ሲባል እስከ 900 ሜትር ገደማ ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። እኛ ጋ ጣሪያው ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። መስኮት የሌለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ይህ ቁጥር ሩቅ አይደለም።

3. ኬብሉን ዘርጉ

ሰማያዊውን ከማዘርቦርዱ ካርድ ወደ ስዊች 1፣ ቢጫውን ከተጨማሪው ካርድ ወደ ስዊች 2 አድርጉ። አራት ፖርት ያለው አንድ ካርድ ቢኖራችሁም ሁለቱንም መንገድ እሱ ላይ አትስኩ። ካርዱ ሲሞት አራቱም ፖርት አብረው ይሞታሉ።

ከእያንዳንዱ ኮንትሮለር አንድ ሰማያዊ ወደ ስዊች 1፣ አንድ ቢጫ ወደ ስዊች 2 ይሂድ። ሁለቱን የስቶሬጅ ስዊቾች እርስ በርስ አታገናኙ። ካልተገናኙ የአንዱ ችግር ወደ ሌላው አይሻገርም። የቢሮው ኔትወርክም፣ ዋይፋዩም፣ ካሜራውም እነዚህ ስዊቾች ላይ አይገባም።

እያንዳንዱን ኬብል በሁለቱም ጫፍ ምልክት አድርጉበት። ሌሊት ስልክ ተደውሎ «ቢጫውን፣ ቁጥር 2ን ንቀል» ማለት የምትችሉት ያኔ ነው።

4. ስዊቾቹን አስተካክሉ

ሰርቨርና ስቶሬጅ የተሰኩባቸውን ፖርቶች በስፓኒንግ ትሪ (ስዊቹ የኔትወርኩ መስመር ዞሮ ክብ እንዳይሠራ በሚከላከልበት) ሴቲንግ ላይ የመጨረሻ ዕቃ የሚሰካበት ፖርት አድርጓቸው፤ በብዙ ስዊች ላይ «ፖርትፋስት» ወይም «ኤጅ ፖርት» ይባላል። ይህ ካልተደረገ ኬብል ተነቅሎ ሲመለስ ስዊቹ ፖርቱን ለመክፈት 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል። ሴቲንጉን ሴቭ ማድረግ አትርሱ። ብዙ ስዊች ሴቭ ካልተደረገ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ ድሮው ይመለሳል።

5. የሰርቨሩን ካርዶች አዘጋጁ

ሁለቱን ካርዶች በዊንዶውስ ውስጥ «ስቶሬጅ 1» እና «ስቶሬጅ 2» ብላችሁ ስም ስጧቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰማያዊውን ኬብል ነቅላችሁ የቱ ላይ ቀይ ኤክስ እንደወጣ እዩ።

አይፒ አድራሻውን አስገቡ። ጌትዌይና ዲኤንኤስ ባዶ ይሁኑ። ጌትዌይ ከሰጣችኋቸው ሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደውን ትራፊክ በስቶሬጅ መስመር ሊልከው ይሞክራል። በአድቫንስድ የዲኤንኤስ ገጽ ላይ አድራሻውን ዲኤንኤስ ላይ መዝግብ የሚለውን ምልክት አንሡ፤ አለዚያ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን በማይደርሱበት አድራሻ ይፈልጉታል። በፓወር ማኔጅመንት ገጽ ላይም ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን ማጥፋት የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱን ካርዶች ቲሚንግ በሚባለው አንድ አታድርጓቸው። ለቢሮ ትራፊክ ቲሚንግ ጥሩ ነው። እዚህ ግን መንገዶቹን የሚያስተዳድረው ደረጃ 8 ላይ የምንጭነው ኤምፒአይኦ የሚባል የዊንዶውስ ክፍል ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት አለበት።

6. ፒንግ አድርጉ

ከሰርቨሩ አራቱንም የስቶሬጅ አድራሻዎች ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ አድራሻው መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። አንዱ እንኳ ካልመለሰ ወደ ፊት አትሂዱ። አሁን ኬብል መፈለግ ቀላል ነው፤ ከአምስት ደረጃ በኋላ ግን ችግሩ ኬብል ይሁን ሴቲንግ አታውቁም።

ጃምቦ ፍሬም (ዳታውን እስከ 9,000 ባይት በሚደርስ ትልቅ ፓኬት መላክ) ላብራ ወይ የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ኔትወርካችሁ 1 ጊጋቢት ከሆነ ተዉት ነው የምለው። ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ሲበላሽ ግን ያስለቅሳችኋል። 10 ጊጋቢት ከሆነ አብሩት፤ ግን በሰርቨሩ ካርድ፣ በስዊቹና በስቶሬጁ በሦስቱም ላይ። አንዱ ከቀረ ትንሹ ፒንግ ይመልሳል፣ ግንኙነቱም ይሳካል፣ ትልቅ ፋይል ኮፒ ስታደርጉ ግን ይንጠለጠላል። ለመፈተሽ በፒንግ ትእዛዙ ላይ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ የሚከለክለውን የኤፍ ምርጫ ጨምሩ፤ በኤል ምርጫ ደግሞ መጠኑን 8972 አድርጉ። 9,000 ያልሆነው 28 ባይቱን የአይፒና የፒንግ ራስጌዎች ስለሚወስዱት ነው።

7. ስቶሬጁ ላይ ዲስኩን ለሰርቨሩ ስጡ

በስቶሬጁ ማስተዳደሪያ ገጽ ሉን ፍጠሩ። ሉን ማለት ስቶሬጁ ከዲስኮቹ ቆርሶ ለሰርቨር የሚሰጠው ድርሻ ነው። ሉኑን ለማን እንደምትሰጡ ሲጠይቅ የሰርቨሩን አይኪውኤን (በአይስካዚ የሚታወቅበትን ስም) አስገቡ። ይህን ስም በሰርቨሩ «አይስካዚ ኢኒሼተር» (ከስቶሬጁ ጋር የሚያገናኘው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ውስጥ «ኮንፊገሬሽን» ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። በእጅ አትጻፉት፤ ኮፒ አድርጉት። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ስቶሬጁ ሰርቨሩን አያውቀውም። ኢኒሼተሩን መጀመሪያ ስትከፍቱ ሰርቪሱ ሁሌ ይጀምር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «የስ» በሉት።

ቻፕ የሚባለውን፣ ስቶሬጁ ሰርቨሩን የሚለይበትን ፓስዎርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ርዝመቱ ከ12 እስከ 16 ፊደል ይሁን። ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ የዊንዶውስ ኢኒሼተር አይቀበለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድን ሉን ለሁለት ሰርቨር አትስጡ፣ ፌይሎቨር ክላስተር (ሰርቨሮች ተባብረው አንድ ዲስክ የሚጋሩበት) ካልሠራችሁ በስተቀር። ተራ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ሌላ ሰርቨር እየጻፈበት መሆኑን አያውቅም። ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ይጽፋሉ፣ ፋይሎቹም ይበላሻሉ። ይህ ስሕተት ከባክአፕ በቀር መድኃኒት የለውም።

8. ኤምፒአይኦን ጫኑ

ሰርቨር ማናጀር ክፈቱ። «አድ ሮልስ ኤንድ ፊቸርስ» ውስጥ ገብታችሁ ከፊቸሮቹ «መልቲፓዝ አይኦ»ን ምረጡ። ጭነቱ ሲያልቅ ከ«ቱልስ» ዝርዝር ኤምፒአይኦን ክፈቱ። «ዲስከቨር መልቲፓዝስ» የሚለው ገጽ ላይ ለአይስካዚ ዕቃዎች ድጋፍ ጨምር የሚለውን ምልክት አድርጉና «አድ» በሉ። ሪስታርት ይጠይቃል። አድርጉት።

ይህ ደረጃ ከግንኙነቱ በፊት መምጣት አለበት። ዊንዶውስ ያለ ኤምፒአይኦ አራት መንገድ ካየ አንዱን ዲስክ አራት ዲስክ አድርጎ ያሳያችኋል። አንዱን ፎርማት ስታደርጉ ሌላው ባዶ የሆነ ይመስላል፣ እሱንም ፎርማት ለማድረግ እጃችሁ ይሄዳል።

ስቶሬጃችሁ የራሱ ኤምፒአይኦ ሶፍትዌር ካለው ማንዋሉን አንብቡ። ለብዙዎቹ የማይክሮሶፍቱ በቂ ነው።

9. አራቱን መንገዶች አንድ በአንድ ክፈቱ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ በሉ።

አይስካዚ ኢኒሼተርን ክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ኩዊክ ኮኔክት» የሚል ቁልፍ አለ። አትንኩት። እሱ አንድ መንገድ ብቻ ይከፍታል፣ በየትኛው ካርድ እንደሄደም አይነግራችሁም።

በምትኩ «ዲስከቨሪ» ገጽ ላይ «ዲስከቨር ፖርታል» በሉ። 10.10.10.101 አስገቡ። ፖርቱ 3260 ነው፣ አትቀይሩት። «አድቫንስድ» ውስጥ ሎካል አዳፕተሩን «ማይክሮሶፍት አይስካዚ ኢኒሼተር»፣ ኢኒሼተር አይፒውን 10.10.10.11 አድርጉ። ከዚያ ለ10.10.20.101 ይህንኑ ድገሙ፤ ኢኒሼተር አይፒው 10.10.20.11 ይሁን።

አሁን «ታርጌትስ» ገጽ ላይ የስቶሬጁ ስም ይታያል። ምረጡትና «ኮኔክት» በሉ። በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ግንኙነቱን ወደ «ፌቨሪት ታርጌትስ» ዝርዝር ያስገባል፤ ምልክቱ እንዳለ ይቆይ፤ ከሪስታርት በኋላ ግንኙነቱ በራሱ የሚመለሰው በእሱ ነው። ሁለተኛው «ኢኔብል መልቲፓዝ» ነው። ምልክት አድርጉበት። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ከዚያ «አድቫንስድ» ግቡ። ሦስቱንም ሙሉ፦ ሎካል አዳፕተር፣ ኢኒሼተር አይፒ፣ ታርጌት ፖርታል አይፒ። «ዲፎልት» የሚለውን አንዱ ላይ እንኳ አትተዉ። ዲፎልት ማለት ዊንዶውስ ደስ ባለው ይሂድ ማለት ነው። ያኔ አራት ግንኙነት ከፍታችሁ አራቱም በሰማያዊው ኬብል ሊሄዱ ይችላሉ። ዝርዝሩ ላይ አራት ታያላችሁ፣ ደስ ይላችኋል፣ ሰማያዊው ሲነቀል ግን አራቱም ይጠፋሉ።

የመጀመሪያው ከተገናኘ በኋላ ስሙን መርጣችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡና «አድ ሴሽን» በሉ። እዚህም «ኢኔብል መልቲፓዝ» እና «አድቫንስድ» አሉ። አራቱ ጥንዶች እነዚህ ናቸው፦

- ከ10.10.10.11 ወደ 10.10.10.101
- ከ10.10.10.11 ወደ 10.10.10.102
- ከ10.10.20.11 ወደ 10.10.20.101
- ከ10.10.20.11 ወደ 10.10.20.102

የኮንትሮለር ለ አድራሻ በታርጌት ፖርታል ዝርዝር ውስጥ ካልታያችሁ «ዲስከቨሪ» ላይ እሱንም ጨምሩ። አንዳንድ ስቶሬጅ ለእያንዳንዱ ኮንትሮለር የተለየ ታርጌት ስም ይሰጣል። እንደዚያ ከሆነ እያንዳንዱን ስም ለየብቻ ኮኔክት አድርጉ፤ ጥንዶቹ ያው ናቸው።

ስትጨርሱ «ፌቨሪት ታርጌትስ» ገጽ ላይ አራት መስመር ቁጠሩ።

10. መንገዶቹን ፈትሹ

ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። አዲሱ ዲስክ አንድ ጊዜ ብቻ መታየት አለበት። በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኤምፒአይኦ» ገጽ ግቡ። አራት መንገድ ታያላችሁ። አንዳንዱ «አክቲቭ ኦፕቲማይዝድ»፣ አንዳንዱ «አክቲቭ አንኦፕቲማይዝድ» ቢል ችግር አይደለም። የመጀመሪያው ሉኑን አሁን በያዘው ኮንትሮለር በኩል፣ ሁለተኛው በሌላኛው በኩል ነው ማለት ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ስቶሬጅ ፖሊሲው (ዳታው በመንገዶቹ የሚከፋፈልበት ደንብ) «ራውንድ ሮቢን ዊዝ ሰብሴት» ይሁን፤ ዳታው በፈጣኖቹ ይመላለሳል፣ ሌሎቹ ይጠባበቃሉ። ሁሉም እኩል ከሆኑ «ራውንድ ሮቢን» በቂ ነው።

እዚያው «ዲቴይልስ» ውስጥ ገብታችሁ የመንገድ ማረጋገጫውን አብሩ፤ «ፓዝ ቬሪፊኬሽን» ይለዋል። ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሲበራ ዊንዶውስ ሥራ የሌላቸውን መንገዶች በየ30 ሰከንዱ ይነካካል፣ የሞተውን ሳትፈልጉት ያውቃል።

11. ዲስኩን ሥራ ላይ አውሉ

ኦንላይን አድርጉት። የዲስኩን አከፋፈል ዓይነት ሲጠይቅ ጂፒቲ ምረጡ፤ ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ አይሄድም። ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉና ፊደል ስጡት። ከዚያ ወደ ኢኒሼተሩ ተመለሱና «ቮሊውምስ ኤንድ ዲቫይስስ» ገጽ ላይ «ኦቶ ኮንፊገር» በሉ። ዊንዶውስ ሲነሣ ይህን ዲስክ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ይኼ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ዲስኩ ዳታ ያለበት የቆየ ሉን ከሆነ ፎርማት የሚለውን ደረጃ ዝለሉት።

12. እያጠፋችሁ ሞክሩ

ከሰርቨሩ ራም የሚበልጥ ፋይል አዘጋጁ። ትንሽ ፋይል ከሆነ ሚሞሪው ይቀበለውና መንገድ ተቆርጦም ሁሉ ደህና ያስመስላችኋል። ፋይሉን ወደ አዲሱ ዲስክ ኮፒ ማድረግ ጀምሩ። የፍጥነቱን ግራፍ ክፍት አድርጉ። በ1 ጊጋቢት አንድ መንገድ በሰከንድ እስከ 110 ሜጋባይት ገደማ ያደርሳል።

ሰማያዊውን ኬብል ከሰርቨሩ ንቀሉ። ግራፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዜሮ ላይ ይተኛል። አትደናገጡ፣ ኬብሉን ለመመለስም አትቸኩሉ። ኢኒሼተሩ መስመሩ ይመለስ እንደሆነ 15 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን ወደ ሌላው መንገድ የሚያዞረው። ግራፉ እንደገና ይነሣል። ኤምፒአይኦ ገጹ ላይ አራት የነበረው ሁለት ሆኗል።

ኬብሉን መልሱ። አራቱም እስኪመለሱ ጠብቁ። ይህን መጠበቅ አትዝለሉ፤ ሰማያዊው ሳይመለስ ቢጫውን ብትነቅሉ ዲስኩ ይጠፋል። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ቀጥሉ፣ በየመሃሉ አራት እየቆጠራችሁ፦

- ቢጫውን ኬብል ከሰርቨሩ ንቀሉ።
- አንድ ኬብል ከስቶሬጁ በኩል ንቀሉ። ይኼኛው ሊዘገይ ይችላል፤ የሰርቨሩ የራሱ ኬብል እንደተሰካ ስለሆነ ችግሩን በምልክት ሳይሆን በመጠበቅ ነው የሚያውቀው።
- ስዊች 1ን ከመብራት ንቀሉ። ሲነሣ ጠብቁ። ቀጥሎ ስዊች 2።
- ኮንትሮለር ሀን ከማስተዳደሪያ ገጹ ሪስታርት አድርጉ። ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ቀጥሎ ለ።
- ዩፒኤስ 1ን አጥፉ። ቀጥሎ ዩፒኤስ 2።

የእያንዳንዱን የቆይታ ሰከንድ ጻፉ። ኮፒው ሲያልቅ በፓወርሼል «ጌት ፋይልሃሽ» የሁለቱን ፋይሎች ኮድ አወዳድሩ። አንድ ዓይነት ካልሆነ ዳታ ተበላሽቷል፤ ሰርቨሩን ሥራ ላይ አታውሉት።

በመጨረሻ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጉና ማንም ሳይነካው አራቱም መንገድ፣ ዲስኩም፣ ሼር የተደረጉ ፎልደሮችም መመለሳቸውን እዩ።

13. የመነሻውን ቅደም ተከተል ወስኑ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ዕቃ በአንዴ ይነሣል። ስቶሬጁ ግን ከሰርቨሩ ይዘገያል። ሰርቨሩ ቀድሞ ይነሣና ዲስኩን ያጣዋል። ስለዚህ በባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ የሚነሣበትን ጊዜ አዘግዩት። ይህ ምርጫ ከሌለው በራሱ እንዳይነሣ አድርጉና በእጅ አስነሡት። ቅደም ተከተሉ ስዊች፣ ስቶሬጅ፣ ሰርቨር ነው። ስታጠፉ ግልባጩ፦ ሰርቨር፣ ስቶሬጅ፣ ስዊች። ዕቃዎቹ በተደረደሩበት ራክ በር ላይ ለጥፉት፤ ጥበቃውም ጸሐፊዋም እንዲያነቡት በትልቁ።

14. አንዱ ሲሞት የምታውቁበትን መንገድ አብጁ

ሁለት መንገድ ያለው ሰርቨር አንዱ ሲሞት ዝም ብሎ ይሠራል። ተጠቃሚው አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ከወር በኋላ ሁለተኛው ሲሞት «ሁለት መንገድ አልነበረንም እንዴ?» ይባላል። የስቶሬጁን የኢሜይል ማስጠንቀቂያ አብሩ። በኢቨንት ቪወር የሲስተም ሎግ ውስጥ ምንጩ «አይስካዚፒአርቲ» የሆነውን ፈልጉ፤ ቁጥር 20 ግንኙነት ተቋረጠ ነው፣ ቁጥር 34 ተቋርጦ ተመለሰ ነው። 34 በቀን ደጋግሞ ከመጣ ኬብል ወይም ፖርት እየታመመ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኢሜይሉም ስለማይደርስ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ኤምፒአይኦ ገጹን በዓይናችሁ አይታችሁ አራት ቁጠሩ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ዲስኩ ሁለት ወይም አራት ጊዜ ይታያል። ኤምፒአይኦ አይስካዚን አልያዘም። ምንም ሳትጽፉበት ደረጃ 8ን ድገሙ፣ ሪስታርት አድርጉ።

አራት ግንኙነት አለ፣ አንድ ኬብል ሲነቀል ግን ሁሉም ይቆማል። ደረጃ 9 ላይ «ዲፎልት» ቀርቷል። ግንኙነቶቹን አቋርጡ፣ ከ«ፌቨሪት ታርጌትስ» አጥፏቸው፣ አድራሻ እየመረጣችሁ እንደ አዲስ ክፈቱ። ከፌቨሪት ካላጠፋችሁ አሮጌዎቹ በሚቀጥለው ሪስታርት ተመልሰው ይመጣሉ።

ከሪስታርት በኋላ ዲስኩ አለ፣ ሼር የተደረገው ፎልደር ግን የለም። የሼሩ ሰርቪስ ከአይስካዚው ቀድሞ ተነሥቷል። «ኦቶ ኮንፊገር» መደረጉን እዩ። ካልበቃ «ሰርቨር» የሚባለው ሰርቪስ የአይስካዚውን ሰርቪስ እንዲጠብቅ አድርጉት። እስከዚያው ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ ሼሩን ይመልሰዋል።

ፒንግ ይሠራል፣ ኮፒ ይንጠለጠላል። የጃምቦ ፍሬም ልዩነት ነው። በ8972 ፒንግ ፈልጋችሁ የማይመልሰውን ቦታ አግኙ።

ሁለት መንገድ ሠርታችሁም ፍጥነቱ አልጨመረም። ፖሊሲውን እዩ። «ፌይል ኦቨር ኦንሊ» ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። ፖሊሲው ትክክል ከሆነ ደግሞ ዲስኮቹ ራሳቸው ከዚያ በላይ አይሰጡም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በኔትወርኩ አትፍረዱ።

ሁለተኛ ሰርቨር ስትጨምሩ ከደረጃ 2 ጀምራችሁ በ10.10.10.12 እና በ10.10.20.12 ድገሙት፤ የራሱን ሉን ስጡት።